ዘነበ

ጸደይ ገባ ይላል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ፤
አልሄድ ያለው የጉዶ በረት ውርጭ ግን ፊደል አልቆጠረ፣
በነጭ ሽንኩርቴ ጫፍ ላይ ጨው ሲነሰንስ አደረ።

በባልዲው ውኃ ላይ ስስ በረዶ ረግቶ፣
ዶሮዋ ልትጠጣ ምንቃሯን ሰደደች፤
ቀጭ ሲል ደንግጣ እኔን ገላመጠች፣
የእኔ ሥራ ይመስል።

ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጀርባ ትለበልባለች፣
ጋቢዬን አውልቄ ካቡ ላይ እሰቅላለሁ፤
አራት ሰዓት ሲል ጉም ከጣርማ በር ጋልቦ ይመጣል፣
ጋቢዬን ፍለጋ ድንጋይ እዳብሳለሁ።
አምስት ሰዓት፣ ንፋስ። ስድስት ሰዓት፣ ምንም።
(ምንም የሚባል አየር አለ እዚህ አገር፣
ቅጠል አይነቀንቅ፣ ጢስም አያጣምም።)

ሥራ ግን ሰማይን አይቶ አያውቅም።
አምና ክረምት የናደው የአጥሬ ካብ አለ፣
ሰባት ድንጋይ ወድቆ፣ በመሃሉ አሜኬላ በቀለ።
ዛሬ ወገቤን አስሬ ገባሁበት፦
ሰፊው ከሥር፣ ጠባቡ ከላይ፣ ሽርክቱ ለመወተፊያ።
ይህን ያሳየኝ ዘነበ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ።
እኔ ማካፈል አስተማርሁት፣ እሱ የካብ ሙያ ሰጠኝ፤
የቱ ትምህርት እንደ ጠቀመ ይህ ወገቤ ይንገረኝ።

እናቱ ጥሩአየር ትባላለች።
ስም ያወጣላት ሰው መጋቢትን አያውቅም፤
ሙሉ ቀን ስቃ፣ ሙሉ ቀን ተቆጥታ አታውቅም።
ልጇን የወለደች ዓመት በልጉ ከድቶ ነበር፣
ደመናን ለማባበል ስሙን «ዘነበ» አለች።
ደመናው አልሰማም።
እኔ ግን በዚያ ስም ስንቴ ተሞኘሁ!
በጠራራ ፀሐይ «ዘነበ!» ስትጣራ
ብቅሌን በሰሌን ጠቅልዬ ስሮጥ ተገኘሁ፤
ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን፣
ልጁ ከካቡ ማዶ ሆዱን ይዞ ሲስቅ።

ኅዳር ላይ ሄደ፣ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ፣
በሚሌ መስመር።
ሁለቴ ደውሏል። ያ አገር ይሞቃል አለ፣
ጋቢውን ሸጦታል።
ከቤታችን በላይ በአስፋልቱ ነው የሚያልፈው፤
ሌሊት ጉም ሲወርድ ጡሩምባ ይነፋሉ ሁሉም፣
የእሱ የትኛው እንደሆነ እሷም እኔም አናውቅም።

ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣
አራተኛውን ድንጋይ በጉልበቴ ደግፌ ሳለሁ፣
ከካቡ ማዶ ጮኸች፦
«ዘነበ! ኧረ ዘነበ!»

ድንጋዩን ለቀቅሁት፣ ለጥቂት ነው እግሬን የሳተ።
ብቅል የሚባል ነገር ከሐሳቤ ጠፋ።
በካቡ ክፍተት ላይ ወጥቼ፣ አንገቴን አስግጌ፣
በሯን አየሁ፣ ቁልቁለቱን አየሁ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ፈልጌ።

ጥሩአየር ናት፣ ብቻዋን።
ኩበቷን በቀሚሷ ታቅፋ፣ ነጠላዋ ተንሸራትቶ፣
የበረዶ ፍሬ ትከሻዋ ላይ ይነጥራል።
«ምን ይገትርዎታል መምህር? ዘነበ እኮ እያልሁ ነው! ብቅልዎ!»

ያን ጊዜ ነው ቅዝቃዜው ማጅራቴ ላይ የተሰማኝ።
ዓይኔ የት እንደ ነበር አየች። ዝም አለች።
እሷም ወደ አስፋልቱ አንድ ጊዜ ዞር አለች።

በክፍተቱ ተሻግሬ ኩበቷን አብሬ አነሣሁ።
ብቅሌ እንደሁ መራስ ለምዷል፣ የበቀለም በውኃ ነው።
በደጇ ክፈፍ ሥር ቆመን፣ ቆርቆሮው እየጮኸ፣
ማውራት ቢያምረንም አይሰማም ነበር።

ግማሽ ሰዓት አልቆየ።
ፀሐይ ምንም እንዳላየች ተመለሰች፣
በሽንኩርቱ መደብ መሃል በረዶው ይቀልጣል፣
ዶሮዋ አንዱን ፍሬ እህል መስሏት ዋጠች፣
እንደገና እኔን ገላመጠች።

አራት ድንጋይ ቀርቶኛል። ዛሬ አላነሣውም።
ነገ፣ አየሩ ከፈቀደ።
በዚያ ክፍተት በኩል ለጊዜው
መንገዱ ይታያል።